ሰፊው መሰኪያ

ስሟን የሚያውቁ ሁሉ ላለመጥራት ስለተስማሙባት አንዲት አገር ይህ ይወራል።

በዚያች አገር መሀል፣ ዙሪያውን ገደል የከበበው ትልቅ ዓለት ነበረ። ንጉሡ በዓለቱ አናት ላይ ተቀምጦ ያስባል። ሥራው ማሰብ ብቻ ነው። ማየት፣ መስማት፣ ያለፈውን ማስታወስ የእሱ ፈንታ አይደለም፤ እነዚህን የሚሠሩለት መንደሮች ከገደሉ ማዶ ዓለቱን ከበው ይኖራሉ። ሥዕል ሠሪዎች አሉ፣ ዘፋኞች አሉ፣ የትናንቱን የሚያስቀምጡ አስታዋሾች አሉ። በስተላይ፣ ወንዞቹ በሚወርዱበት በኩል ደግሞ ውኃ አድማጮች አሉ። እነዚህ ጆሯቸውን መሬት ላይ ደፍተው ጎርፍ ሳይመጣ ይሰሙታል። የሰሙትን ወደ ዓለቱ ይልካሉ፤ ንጉሡም «የታችኛው ሸለቆ ይነሣ» ብሎ ያውጃል። ሸለቆው ይነሣል፤ ሰው ይተርፋል።

ድሮ ወደ ዓለቱ የሚያሻግረው አንድ ድልድይ ብቻ ነበር፤ ስሙም የጋራ ድልድይ። መልእክት በአንድ ሰው አይሄድም ነበር። ሠላሳ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተሰልፎ፣ እያንዳንዱ አንዳንድ ቃል ይዞ፣ ከበሮ ሲመታ እግሩን እኩል አንሥቶ እኩል ያሳርፋል። እኩል ካልደረሱ መልእክቱ እንዳልተነገረ ይቆጠራል፤ አንዱ ቢያነክስ ሁሉም ተመልሰው እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ከበሮው የሚመታው በዘገምተኛው መንደር እርምጃ ልክ ነበር። አንዱ መንደር ሲሻገር ሌላው፣ ተራ ሰጪው በትሩን እስኪያነሣለት፣ ቆሞ ይጠብቃል። የሥዕል ሠሪዎች ቀለም በጥበቃ ይደርቅ ነበር፤ የዘፋኞች ዜማ መሀሉ ላይ ይቆረጥ ነበር። ሽማግሌዎች «ድልድዩ ፍትሐዊ ነበር፤ ሁሉንም እኩል ያዘገይ ነበር» ይላሉ። ሲሉት ይስቃሉ፤ ግን ናፍቆትም አለበት።

ከዚያ የገመድ ዘመን መጣ። ለየመንደሩ የራሱ ገመድ ተዘረጋለት። ሯጩ በወገቡ ያሰረውን የቀንድ ቀለበት ገመዱ ላይ አጥልቆ ይንሸራተታል፤ ሌላው ከኋላው፣ ሌላው ከዚያ ኋላ። ከበሮ የለም፤ ተራ ሰጪም የለም። «አንድ በአንድ የሚሄድ ሰው ሠላሳ ሁለቱን እንዴት ይቀድማል?» ብሎ ያላመነ ብዙ ነበር። ጎረቤቱን የማይጠብቅ እግር ግን ክንፍ አለው። አንዲት ቀጭን ገመድ የዚያን ሰፊ ድልድይ ሥራ ሠርታ ጊዜ ይተርፋት ጀመር። ይህ እውነት ነው፤ የድሮውን ለማመስገን ብሎ መካድ አይገባም። የከፋው ገመዱ አልነበረም።

ገመድ መያዣ ይፈልጋል። ስለዚህ በዓለቱ ጫፍ ላይ በተገነባው ረጅም ግድግዳ ላይ መሰኪያዎች ተቀረጹ። መንደሩ ገመዶቹ ያለፉበትን ሳንቃ አምጥቶ በመሰኪያው ይሰካል፤ የንጉሡ ሰዎች ደግሞ ከግድግዳው ጀርባ እያንዳንዱን ገመድ ከዓለቱ ጋር በተተከለ የብረት ካስማ ላይ ያስሩታል። ለአንድ ገመድ የሚሆን አጭር መሰኪያ አለ፤ ለአሥራ ስድስት ገመድ የሚሆን ረጅምም አለ። ሁሉም በመሀሉ ጥርስ አለው፤ ለጥርሱ ክፍተት የሌለው ሳንቃ አይገባም። መንደሮቹ ከጋራ ድልድዩ ጋር ይጋጠሙባቸው የነበሩት ሳንቃዎች ክፍተታቸው ሌላ ቦታ ስለነበር አንዳቸውም አልገቡም። መንደሮቹ የአባቶቻቸውን ሳንቃ በመጋዝ ቆረጡ።

መሰኪያ ሁሉ በለኪ ይለካል። የዚያን ጊዜዋ ለኪ ደብሪቱ የምትባል፣ አርባን ያለፈች ሴት ነበረች። ከወይራ የተጠረበ ልኬት ሳንቃዋን በጠፍር አንግታ ትመጣለች፤ ትሰካለች፤ ትደገፋለች፤ ከዚያ «ይዟል» ትላለች። እሷ «ይዟል» ያለችበት መሰኪያ በሕግ ይዟል። ሕጉ ግን ሁለት ነገር ያዛል። አንደኛው «ለኪ አፉን ያያል፤ ጀርባውን አያይም» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለኪ ቃሏን መልሳ ከሳበች ሳንቃዋ ይሰበራል፣ በዕድሜዋ የለካችውም ሁሉ እንዳልተለካ ይቆጠራል። ሁለተኛውን ያስፈጸመ ሰው አይታወቅም ነበር፤ ቃሏን የሳበች ለኪ ኖራ ስለማታውቅ።

መንደሮቹ ሁሉ ተሰክተው ውኃ አድማጮች ብቻ ቀሩ። የእነሱ መሰኪያ በተለካ ማግስት የጋራ ድልድዩ እንዲቃጠል አዋጅ ወጥቶ ነበር።

የልኬቱ ቀን የመንደሩ ሽማግሌ አያ ታፈረ በድልድዩ ተሻግሮ መጣ። ከኋላው ጎረምሶች አዲስ የተጠረበ ረጅም ሳንቃ ተሸክመዋል።

«እታለም፣ ደህና ከረምሽ?» አላት።

«እግዜር ይመስገን፣ አያ ታፈረ። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ድልድዩ? ነገ እንደሚቃጠል አልነገሩትም መሰለኝ፤ እንደ ወትሮው ተኝቷል።»

የመሰኪያዎች ሁሉ አዛዥ ሊቀ መሰኪያ ወንዳፍራሽ ካባውን እየሰበሰበ መጣ። ግድግዳውን የሚያሳየው የራሱን ቤት እንደሚያሳይ ሰው ነው።

«እነሆ!» አለ። «ልክ እንደ ሥዕል ሠሪዎቹ፤ አሥራ ስድስት! ውኃ አድማጭ ተናቀ የሚል ካለ አሁን ይናገር።»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኛ አንድ ይበቃናል ብለን ነበር» አለ አያ ታፈረ። «ወሬያችን አጭር ነው። ‹ውኃ መጣ› ነው።»

«አንድ? በአጭር መሰኪያ ብሰካችሁ ሰው ምን ይላል? ክብራችሁ ነው እኮ!»

አያ ታፈረ ራሱን ነቀነቀ። «ክብር ከሆነ ምን እናደርጋለን፤ ልጆቹን አሥራ ስድስት አድርገን አለማምደናል። መልእክቱንም ከየት፣ መቼ፣ ምን ያህል እያልን አስረዝመን በአሥራ ስድስት ከፍለነዋል። ነገ ከበሮው ሲመታ አንድ ላይ ይለቃሉ።»

ሊቀ መሰኪያው ይህን የሰማው አይመስልም፤ ከበሮ መቺዎቹን እየጠራ ነበር።

ሳንቃው ተሰካ፤ ጥርሱ በክፍተቱ ገባ። የንጉሡ ሰዎች ከጀርባ ገመዶቹን እስኪያስሩ ተጠበቀ። ቀጥሎ የመተዋወቁ ሥርዓት ነው፦ መንደሩ እያንዳንዱን ገመድ ስቦ «አለህ?» ይላል፤ ከግድግዳው ጀርባ ገመዱ መልሶ ይሳባል፣ «አለሁ!» የሚል ድምፅም ይመጣል። የመለሱት ገመዶች ይቆጠራሉ፤ መንደሩ የሚሄደው በእነሱ ብቻ ነው።

አያ ታፈረ የመጀመሪያውን ሳበ። ዓለቱ ራሱ የሚያጉረመርም ይመስል ገመዱ ጎርነን ብሎ ጮኸ። «አለሁ!» ተባለ። ሁለተኛውን ሳበ፤ «አለሁ!» አለ ቀጭን ድምፅ። ሦስተኛው ላይ ወፍራም ድምፅ «አለሁ!» አለና ሳል ተከተለው። ሰባተኛው ላይ የሴት የሚመስል ድምፅ መለሰ፤ እሱም ሳለ። ደብሪቱ የልኬት ሳንቃዋን በተሰካው ሳንቃ ላይ አጋድማ ተደግፋለች። የሳንቃዋ አንድ ጫፍ እንደ ዓለት ጸጥ ብሏል፤ ሌላኛው ጫፍ ግን እንደ ላላ ጥርስ ነቅነቅ ይላል። አሥራ ስድስተኛው ገመድ «አለሁ!» ብሎ ሲስል ሁሉም ዞሮ አያት።

አፉ ልክ ነው። ጥርሱ ልክ ነው። የተጠየቀችው ይህንኑ ነው።

«ይዟል» አለች።

እልልታው ቀለጠ። ደብሪቱ ግን ያ ሳል ከጆሮዋ አልወጣም።

የነገውን የድልድይ ማቃጠል በዓል የሚያሰናዱት ሁሉ ለምሳ ሲቀመጡ፣ ፀሐይ አናት ላይ እንዳለች፣ በግድግዳው ጫፍ ዞረች። በዚያ ጥግ አልፋ አታውቅም ነበር። እግሯ እንደ ሌባ እግር ቀለለ።

ከጀርባው አንድ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይበላል።

«ማነህ አንተ?» አለችው።

«ሽባባው እባላለሁ። መላሽ ነኝ።»

«ምን መላሽ?»

«‹አለሁ› የምል ነኛ!» አለና ቆሎውን ዘረጋላት። «እትዬ፣ እዚህ መምጣት ክልክል ነው። ከመጡ ግን ይዝገኑ።»

ደብሪቱ ቆሎውን አላየችም። የምታየው ገመዶቹን ነው። የመጀመሪያው በብረት ካስማው ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ታስሯል። የቀሩት ከግድግዳው ቀዳዳ ብቅ ብለው ጫፋቸው ተንጠልጥሏል፤ እንዳይወጡ በሽብልቅና በጭቃ ብቻ ተወትፈዋል፤ በዙሪያቸው ጭድ። አጠገባቸው ያሉት ካስማዎች ላይ ደግሞ ቀለም የተቀቡ የሥዕል ሠሪዎች ገመዶች ታስረዋል፤ ንጉሡ ሥዕል ስለሚወድ ሁለተኛ ሰፊ መሰኪያ ተሰጥቷቸው ነበርና።

«ይህን ሁሉ የምትመልሰው አንተ ብቻህን ነህ?»

«እኔው ነኝ። ገመዱ ሲነካ ሄጄ እስበዋለሁ፣ ‹አለሁ› እላለሁ። ሰባተኛው ላይ ቀጠን አደርገዋለሁ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ሰው እንዲያምን ቆጣ እላለሁ። ሰምተውኛል?»

«ሳልህን ሰማሁት።»

«ሳሉ የራሴ ነው። ትእዛዝ ውስጥ የለም።»

«ሽባባው፣ ነገ በእነዚህ ላይ አሥራ ስድስት ሰው አንድ ላይ ይንጠለጠላል።»

ማኘኩን አቆመ። «አንድ ላይ? እኔን እኮ ‹ሁልጊዜ በመጀመሪያው ነው የሚመጡት፤ ሌላው ለዓይን ነው› ነው ያሉኝ።»

«እነሱን እንደዚያ ያላቸው የለም። ያን ሁሉ ሰው ትይዘዋለህ?»

«እኔ?» አለ ሽባባው ክንዱን አይቶ። «እኔ ፍየል እንኳ አልይዝም፣ እትዬ።»

ሊቀ መሰኪያውን እጁን ሲታጠብ አገኘችው። ከጀርባው ዞራ እንደነበር ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ ግን አልጮኸም። እንዲያውም ወንበር አስመጣላት።

«እንግዲህ ካየሽው አይተሽዋል» አለ። «ዓለቱ ላይ ያለው ካስማ ውሱን ነው፣ ደብሪቱ። እኔ ካስማ አልወልድም። አንዷ ገመድ ለውኃ አድማጮች ትበቃለች፤ ራሱ ሽማግሌው አላለም?»

«ብሏል። ስለዚህ አንድ ነው በላቸው። ልጆቹ በአንዷ ተራ በተራ ይምጡ፤ የሚቀርባቸው ነገር የለም።»

«በበዓሉ ዋዜማ? ያ ሁሉ ሰው እልል ካለ በኋላ ‹ሰፊው መሰኪያ ለዓይን ነው› ልበል? ደግሞስ ‹ይዟል› ያልሽው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«አፉን ነው ያልኩት።»

«ሕጉም የጠየቀሽ አፉን ነው! በቃ፤ ሥራሽን በደንብ ሠርተሻል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቃልሽን ብትስቢ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። የአስታዋሾቹም፣ የዘፋኞቹም መሰኪያ እንዳልተለካ ይሆናል። አገር ሙሉ አንቺን ሲረግም ማደር ትፈልጊያለሽ? ይልቅ ሂጂና ዕረፊ። ጠዋት ለሽማግሌው በጆሮው እነግረዋለሁ። አንድ ልጅ ብቻ ይልካል፤ ማንም አያውቅ፣ ማንም አይጎዳ።»

«በእርግጥ ትነግረዋለህ?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

ደብሪቱ ይህን ቃል ይዛ ሄደች። የተሰጣትን ቃል አፉን አየችው፤ ጀርባውን አላየችውም። የኖረችበት ሙያ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ገደሉ በጉም ተሞልቶ ነበር። በስተላይ ሰማዩ ጠቁሯል። ሕዝቡ በዓለቱ ጫፍ ተሰብስቧል፤ ችቦ ያዢው በጋራ ድልድዩ ራስ ላይ ቆሟል። ከማዶ፣ ከፍ ባለው ገደል ላይ፣ ውኃ አድማጮች በጉሙ ውስጥ እንደ ጥላ ይታያሉ። ደብሪቱ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። አሥራ ስድስት ጥላ ጎን ለጎን ቆሟል። እያንዳንዱ በየገመዱ ፊት ነው፤ ቀለበቱን በእጁ ይዟል።

ሊቀ መሰኪያው አጠገብ ተጠጋች። «አልነገርከውም?»

«ጉሙ ነው» አለ ወደሷ ሳይዞር። «መልእክተኛ ልኬ ነበር፤ መንገድ ላይ ይሆናል። አንድ ሁለት ቢወድቁ—» አለና አቆመ። ከዚያ ከበሮ መቺውን አየው።

«አያ ታፈረ!» ብላ ጮኸች ደብሪቱ። «አልያዘም! አልያዘም!»

እልልታው ድምፅዋን ዋጠው። ከማዶ አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ አውለበለበችላት፤ የደስታ ጩኸት መስሏት። ቀለበቶቹ ገመድ ላይ ሲጠለቁ የቀንዱ ድምፅ ቀጨጭ ቀጨጭ ብሎ መጣ። ከበሮ መቺው መምቻውን አነሣ።

ደብሪቱ ወደ ግድግዳው ሮጠች። የልኬት ሳንቃዋን ከትከሻዋ አወረደች። ጠፍሩን ሁለተኛው ገመድ ላይ አንጠለጠለች፤ ሙሉ ክብደቷንም ጨምራ አንድ ጊዜ ወደ ታች ጎተተችውና እጇን ለቀቀች።

ሽብልቁ ተፈናጠረ። ገመዱ ከግድግዳው እንደ ክር ከመርፌ ተመዝዞ ወጣ፤ ጭዱም ተከተለው። የወይራው ሳንቃ እየተገለባበጠ ወደ ጉሙ ገባ። መሬት ሲነካ ለመስማት ሁሉም ትንፋሹን ያዘ፤ ከበሮ መቺውም እጁ አየር ላይ ቀረ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ገመዱ የወጣበት ባዶ ቀዳዳ፣ ቀጠን ባለ ድምፅ፣ «አለሁ!» አለ። ከዚያ ሳለ።

መጀመሪያ የሳቀ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሳቁ ግን አልቆየም። እናቶች ወደ ማዶ አይተው አፋቸውን ያዙ። እነዚያ ጥላዎች አንድ በአንድ ቀለበታቸውን ከገመድ ሲያወጡ ይታያል። እጇን ያውለበለበችው ልጅ የሁለተኛው ገመድ ነበረች፤ ገመዷ ከፊቷ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ወርዷል፤ እሷም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ደብሪቱ!» የአያ ታፈረ ድምፅ ገደሉን አቋርጦ መጣ። «ስንት ነው ያለን?»

«አንድ!»

«እህ?»

«አንድ ብቻ! የመጀመሪያው!»

«አንድ ይበቃናል ብለን ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ ሽማግሌው። ድምፁ ውስጥ ከቁጣው የበለጠ ድካሙ ይሰማል። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረ። «በሉ፣ ተሰለፉ! አንዱ ከአንዱ ኋላ! ውኃው አይጠብቅም!»

የዚያ ቀን መልእክት ለበዓል ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ሌሊቱን ውኃ አድማጮቹ በላይኛው ወንዝ ሆድ ውስጥ ድንጋይ ሲንከባለል ሰምተው ነበር። በአንዷ ገመድ ላይ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተንሸራተው መጡ፤ አንዱ ቃሉን ተናግሮ ፈቀቅ ሲል ሌላው ደርሷል። የመጨረሻዋ ያቺ ልጅ ነበረች። እግሯ ዓለቱን ሲረግጥ መልእክቱ ሞላ። ንጉሡ አሰበ፤ ሸለቆው ተነሣ። ያን ቀን ጎርፉ ያገኘው ባዶ ቤት ነው።

ሕግ ግን ሕግ ነው። ከሰዓት በኋላ ደብሪቱ በአደባባይ ቆመች፤ ቃሏን መሳቧ ተነገረ። ሳንቃዋ እንዲሰበር ታዘዘ። ሳንቃዋ ገደል ገብቶ ስለነበር ሹማምንቱ ተማከሩና ከአንድ ቤት የበር መቀርቀሪያ ተውሰው ሰበሩ። ባለቤቱ ማታ በምን እንደሚዘጋ ጠየቀ።

ከዚያ አዋጅ ነጋሪው የፍርዱን ቀሪ አነበበ፦ «ደብሪቱ በዕድሜዋ የለካችው ሁሉ እንዳልተለካ ይቆጠራል።» አንብቦ ሲጨርስ የሥዕል ሠሪዎቹ አለቃ፣ ጣቱ ላይ ያለውን ቀለም እያሸ፣ ብድግ አለ።

«ይቅርታ» አለ። «የእኛም ማለት ነው?»

«የሁሉም» አለ አዋጅ ነጋሪው፤ አፉን ግን ቶሎ ዘጋ።

«እንግዲያ ይለካ። አሁን። እናንተ ለኪዋን ሻራችሁ፤ እኛው እንለካለን።»

«ለኪ አፉን—» አለ ሊቀ መሰኪያው።

«እኛ ለኪ አይደለንም።»

ሕዝቡ ተነሣ። ማንም አልሮጠም፤ ማንም አልጮኸም። በግድግዳው ጫፍ እየዞረ ወደ ጀርባው ገባ። ሥዕል ሠሪዎቹ ሁለቱን ሰፋፊ መሰኪያዎቻቸውን አገኙ፤ ከእያንዳንዱ ግማሹ ገመድ በካስማ ታስሯል፣ ግማሹ በጭድ ተወትፏል። በውኃ አድማጮች ቀንተው የማያውቁት ዘፋኞች የራሳቸውን ገመድ ፈልገው ጭቃ በጣታቸው ይጭራሉ። የተሰጠው ተስፋ ዓለቱ ካለው ካስማ እጅግ ይበልጥ ነበር። ሽባባው በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ለሚያልፈው ሁሉ ቆሎውን ይዘረጋል፤ አንዳንዱ ይዘግናል፣ አንዳንዱ ይተፋበታል። በየቀዳዳው ገመድ የሚነካ እጅ ስለበዛ ግራ ገባው። ከልማድ «አለሁ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ብዙ ዓይን ሲያየው መልሶ ዘጋው።

ያልተለካ መሰኪያ ባለበት አገር ድልድይ አይቃጠልም፤ ይህም ሕግ ነው። ችቦ ያዢው የሚያደርገው ጠፍቶት ቆየና ችቦውን በውኃ እንስራ ውስጥ ነከረው።

ደብሪቱ ከሕዝቡ ጋር አልዞረችም። በግድግዳው ፊት፣ በባዶው ቀዳዳ ሥር፣ ያለ ሳንቃ ተቀምጣ ነበር። በዚህ ግድግዳ ላይ «ይዟል» ያላለችበት ቦታ የለም። አያ ታፈረ መጥቶ ጎኗ ተቀመጠ።

«ትከሻሽን ቀለለሽ?» አላት።

«ቀለለኝ። ደስ አይልም።»

«አይልም» አለ እሱም። ከዚያ ሁለቱም ከግድግዳው ማዶ የሚሰማውን አዳመጡ። ጎርፉ ይሁን ሰው፣ ለውኃ አድማጭም መለየት ይቸግር ነበር።

እኔ ግድግዳውን ከፊት ሆኜ ነገርኳችሁ። ጀርባውን ዞራችሁ እዩት።